አባ ቪኤይት

ድምፁ ቀድሞ መጣ። ከአማን ከተማ በኩል፣ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ገና ምንም ሳይታይ፤ ወፍራምና ያልቸኮለ፣ ጠግቦ ያደረ በሬ ከደረቱ የሚያወጣው የሚመስል ጉርምርምታ። በድሩ ግቢው ውስጥ የጀንፈል ቡና ጆንያ እያስመዘነ ነበር። እጁ የሚዛኑን ብረት እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

"አባ ቪኤይት መጣ!" ብሎ ጮኸ የጫኞቹ አለቃ ባስልኤል፣ ከሚዛኑ ጎን ቆሞ ቁጥር እያነበበ።

"ስንት አለ?" አለ በድሩ።

"ማን?"

"ሚዛኑ ነዋ! አንተ ዛሬ የምትመዝነው ቡና ነው የመኪና ድምፅ?"

ጫኞቹ ሳቁ። መኪናው የግቢውን በር አልፎ ሄደ፤ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ነጭ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። በድሩ ማየት አላስፈለገውም። ባለመኪናው ታምሩ መታጠፊያው ላይ እግሩን ከነዳጁ እንደሚያነሳ፣ ጉድጓዷ ጋ ሲደርስ ፍሬን ነካ እንደሚያደርግ፣ ከዚያ ልክ የበድሩን በር ሲያልፍ መልሶ እንደሚረግጥ በቃሉ ያውቀዋል። ለምን ልክ በሩ ላይ? ዓመት ሙሉ ያሰበበት ነገር ነው። ሚስቱ ሹክሪያ "ጉድጓዷን ስላለፈ ነዋ" ትለዋለች። ሹክሪያ ምን ታውቃለች።

ታምሩ ሰባት ዓመት የበድሩን አይሱዙ የነዳ ሰው ነው። ኋላ የራሱን ፈቃድ አወጣና ቡና አቅራቢ ሆነ። ይሁን፤ ሰው ያድጋል። በድሩም እየከነከነው "አላህ ይጨምርልህ" ብሎታል። አምና ግን መንገድ ሠርቶ ጓዙን ከጠቀለለ አንድ ተቋራጭ ላይ ታምሩ ያን ቪኤይት ገዛ። በሦስተኛው ቀን ባስልኤል "አባ ቪኤይት" አለው። በሳምንቱ ሚዛን ከተማ በሙሉ እንደዚያው አለው።

የበድሩን አንጀት ያሳረረው ታዲያ መኪናው ብቻ አይደለም፤ ስሙ ነው። በነበድሩ አገር፣ በጅማ በኩል፣ ድሮ ትልቅ ሰው የሚጠራው በፈረሱ ነበር። ለአባቱ ለአባፎጊ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ቃሲም ነው፤ ይህን አሁን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው። ፎጊ ፈረሳቸው ነበር። የበድሩ አያትም በፈረሳቸው ተጠርተው፣ በፈረሳቸው ስም ተለቅሶላቸዋል። ፈረሱ ቀርቶ መኪና ሲመጣ ልማዱ አብሮ ተረሳ ሲባል፣ አንድ የሚዛን ከተማ ጫኝ ከየት እንዳመጣው ሳይታወቅ አንስቶ ለታምሩ አለበሰው፤ ፈረስ በገበያ ቀን ካልሆነ አይቶ ለማያውቀው ለታምሩ! የአባፎጊ ልጅ በድሩ ግን አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶት፣ ገበያ መሃል ሲጠራ ያው "የአባፎጊ ልጅ" ነው። ያውም ፊት ለፊት። ከኋላው "በድሩ ጋሪው" እንደሚሉት ያውቃል፤ አሮጌዋ ፒካፑ ዳገት ላይ እንደ ጋሪ ስለምትንገጫገጭ።

በሩ አጠገብ ካለው ግንድ ላይ ሲላስ ተነሥቶ መጣ። ሲላስ በሸኮ በኩል ላለው የቡና መሰብሰቢያ የበድሩ ሰው ነው። እሸት ቡና ከገበሬው የሚገዛ፣ የሚመዝን፣ የሚያስፈለፍል እሱ ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ በክር አሥሮ አንገቱ ላይ እንደ ማዕተብ ያንጠለጥላታል፤ ሲታጠብም አያወልቃትም ይባላል። ለዘንድሮው ግዢ ገንዘብ ሊወስድ ትናንት መጥቶ ዘመድ ቤት አድሯል።

"ጋሼ፣ ዘንድሮ ቡናው ቀድሞ ቀልቷል" አለ። "ቆላው መልቀም ጀምሯል። ዛሬ ብሩን ይዤ ከገባሁ ነገ ጠዋት የመሰብሰቢያ ሳይቱን እከፍታለሁ።"

"ከሰዓት እንነጋገራለን፣ ሲላስ።"

"ሌሎችም እየዞሩ ነው፣ ጋሼ። ገበሬውን እየጠየቁ ነው።"

"እነማን?"

ሲላስ የታምሩ መኪና ድምፅ ወደሄደበት ወደ መንገዱ አየት አደረገና ወደ ግንዱ ተመለሰ።

ስልኩ ጮኸ። የመኪና ደላላው አዲሱ ነበር። "ገብተዋል!" አለ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ። "ሁለቱም መኪናዎች ገብተዋል። አማን፣ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ታጥበው ቆመዋል። ዛሬ ካልጨረስን የቴፒው ሰውዬ ነገ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ የሚመርጥ ሰው አይደለም፣ ሁለቱንም ጠቅልሎ ነው የሚሄደው።"

በድሩ ሸሚዙን ሊቀይር ገባ። ሹክሪያ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈችለት ጠየቀችው።

"የትኛውን ልትወስድ ነው?"

"አይቼ ነዋ።"

"ሳታይ ወስን። አንተ አይተህ የምትወስን ሰው አይደለህም።"

"ምን ማለት ነው?"

"ርካሹን ጂኤክስአሩን ከወሰድክ የሲላስ ብር ይተርፋል። ላይኛውን ከወሰድክ ሸኮ ዘንድሮ አይከፈትም። ትናንት ራስህ ነህ የነገርከኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቃለህ። ግን ጆሮህ መንገድ ላይ ነው" አለች፣ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ጠበቅ አድርጋ።

በረንዳው ላይ አባፎጊ ሙስበሃቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሲያልፍ በከዘራቸው መንገዱን ዘጉበት።

"ቆይማ። በፎጊ ስም እንዴት እንደተጠራሁ ነግሬህ አውቃለሁ?"

"ሰጋር ነበር ብለሃል፣ አባ። መኪና እየጠበቀኝ ነው።"

"ሰጋር? ማን ነው ሰጋር ያለህ?" ሽማግሌው ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። "ሰነፍ ነበር እንጂ! ጎጀብን ስንሻገር ውሃው መሃል ሲደርስ ይተኛል። ቡናዬን እንደጫነ! ከኋላ ያለው ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ቆሞ ይቀራል። ‘ማነው መንገዱን የዘጋው?’ ሲሉ ‘የፎጊ አባት ነዋ!’ ይላሉ። ስድብ ነበር እኮ ሲጀመር። ኋላ ሀብት ሳፈራ ግን..."

ከውጭ የሞተር ድምፅ ተሰማ። በድሩ አንገቱን ቀና አደረገ። ጆሮውን ሰጠ። አይደለም፤ የጭነት መኪና ነው። አባቱ ነገራቸውን ጨርሰው ይሁን አቋርጠው ሳያውቅ ከዘራውን ተሻገረ።

"ዱዓ ሳላደርግበት ሰው እንዳትጭንበት!" አሉ ከኋላው።

ፒካፑን ትቶ በባጃጅ ሄደ። ቪኤይት ሊገዛ ሄዶ በጋሪው ቢደርስ የአዲሱ ጥርስ እንደማይከደን ያውቃል።

ሁለቱ መኪናዎች ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። አዲሱ ስንጥሩን በጥርሱ ነክሶ፣ የራሱ ልጆች ይመስል የሁለቱንም ኮፈን እየደባበሰ ይዞራል።

"ሐጂ በድሩ! እንኳን ደህና መጣህ!"

"ገና መካ አልሄድኩም እኮ፣ ሐጂ የምትለኝ።"

"ትሄዳለህ። በዚህ ነዋ እስከ ኤርፖርት የምትሄደው። ና፣ ልንገርህ፤ እኔ ውሸት አላውቅም። ሞተሩ አንድ ነው። ቪኤይት፣ ሁለት ቱርቦ፣ ስትነካው ጀርባህን ከወንበሩ ጋር የሚያጣብቅ። ልዩነቱ ልብስ ነው። ነጩ ጂኤክስአር ነው፤ የጨርቅ ወንበር፣ በእጅህ ስበህ የምታስተካክለው። ጥቁሩ ቪኤክስአር ነው፤ ፉል ኦፕሽን! ቆዳ ወንበር፣ ጣሪያው የሚከፈት፣ በአራት በኩል ካሜራ። ልትወርድ ስትል ወንበሩ ራሱ ወደ ኋላ ሸሸት ይልልሃል፤ አማት እንዳየች ሙሽራ። መሃሉ ላይ ደግሞ ፍሪጅ!"

"ፍሪጅ ምን ያደርግልኛል?"

"ውሃ ታቀዘቅዝበታለህ።"

"ሚዛን ላይ? ዝናቡ መች አንሶኝ?"

"ቴፒ ስትወርድስ? ቴፒ ላይ እኮ ሰው ለብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ልጁን ይድራል!"

በድሩ ሳይወድ ሳቀ። ነጩ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ወንበሩ ደልደል ያለ ነው። መሪው ለእጁ ተስማማው። ከፍ ብሎ ሲያይ የሆቴሉን አጥር አልፎ የባህር ዛፉ ጫፍ ድረስ ይታየዋል። እውነቱን ለመናገር ይበቃው ነበር። ከበቂም በላይ ነበር። ሲላስ ብሩን ይዞ ሲሄድ፣ ሹክሪያ በዚህ ተቀምጣ ጅማ እህቷ ጋ ስትወርድ ታየው። "ይሄን" ሊል አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜ ድምፁ መጣ።

ከአጥሩ ወዲያ ነው፤ ቀነሰ፣ ታጠፈ፣ ወደ ሆቴሉ በር ገባ። በድሩ አፉን ገጠመ።

"እኔ ነኝ የጠራሁት" አለ አዲሱ ፈጠን ብሎ። "አይክፋህ። እንዲህ ያለ ሞተር የሚያዳምጥ ጆሮ በዚህ ከተማ እሱ ብቻ ነው ያለው። እኔን ባታምን እሱን ታምናለህ ብዬ ነው።"

ታምሩ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ የበድሩን እጅ ያዘ። ትከሻ ለትከሻ ተገጫጩ።

"ጋሼ በድሩ! እንኳን ደስ አለህ! እኔ እኮ ‘ጋሼ መቼ ነው?’ ስል ነው የከረምኩት። በዚያ በድሮው ፒካፕ ስትሄድ ሳይህ እኔ ነኝ የማፍረው።"

"አመሰግናለሁ" አለ በድሩ፤ ከአንገት በላይ ሳቀ። ‘በድሮው ፒካፕ’ የምትለዋ ቃል ግን ጆሮው ውስጥ ቀረች። ሰውዬው ቢንቀው፣ አንገቱን ቢያዞርበት ይሻለው ነበር። ጎንበስ ማለቱ ነው የሚያቃጥለው። ሾፌሩ ሳለ ቁልፍ ሲቀበለው እንዲሁ ነበር ጎንበስ የሚለው፤ ዛሬም እንዲሁ ጎንበስ ይላል፤ ከጎኑ ግን ቪኤይት ቆሟል።

ታምሩ የሁለቱንም ኮፈን አስከፈተ። አስነሥቶ አዳመጠ። ለሸሚዙ ሳይሳሳ ጭቃው ላይ ተኝቶ ከሥር አያቸው። ሲነሣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ቅጠል አዲሱ አራገፈለት።

"ሁለቱም ጤነኛ ናቸው" አለ። "ግን ጋሼ፣ ምክሬን ከሰማኸኝ ነጩን ውሰድ። የጥቁሩ ቸርኬ ትልቅ ነው፣ ጎማው ስስ ነው። ለአስፋልት ነው ያማረው። የሸኮን መንገድ ታውቀዋለህ። ጎማው ቢቀደድ ደግሞ እዚህ አታገኝም፤ አዲስ አበባ ድረስ ነው። የኔም ጂኤክስአር ነው። ምን ጎደለኝ?"

ምን ጎደለኝ። በድሩ ቃሉን በውስጡ ገለባበጠው። ምንም አልጎደለህም። ስም ነበረን ወሰድክ፤ ሾፌር ነበርክ ጌታ ሆንክ። አሁን ደግሞ ከኋላዬ ተሰለፍ፣ ከኔ ጋር እኩል ሁን፣ ግን እንዳታልፈኝ እያልከኝ ነው። ‘የሸኮን መንገድ ታውቀዋለህ’ ይለኛል! ሸኮን ማን አሳየህና?

ምክሩ ሹክሪያ ጠዋት ከተናገረችው ጋር አንድ መሆኑን አላጣውም። ከሹክሪያ አፍ ሲወጣ እውነት የነበረው ነገር ከታምሩ አፍ ሲወጣ ግን ወጥመድ መሰለው።

"አንተስ?" አለ። "ያን ጊዜ ሁለቱም ቀርበውልህ ቢሆን ይሄን ታች ያለውን ትወስድ ነበር?"

"እኔ?" ታምሩ ሳቀ። "እኔማ፣ ጋሼ..."

የጥቁሩ ሞተር እንደተነሣ ስለነበር ሊያጠፋው በተከፈተው በር አንገቱን አስገባ። ቁልፉን ተጫነው፤ ሞተሩ ዝም አለ። እጁ ግን ቶሎ አልተመለሰም። አውራ ጣቱ የመሪውን ቆዳ ስፌት ይዛ፣ ቀስ እያለች፣ ወደ ላይ ወጣች፤ ወደ ታች ወረደች። ረጅም ጊዜ አልነበረም። ምራቁን የሚውጥ ሰው የሚፈጅበትን ያህል ነው። በድሩ ግን አየው።

"ጥቁሩን ነው የምወስደው" አለ።

የአዲሱ ስንጥር ከአፉ ወደቀ። "ጥቁ...? እሰይ! አላልኩም? ሐጂ ማለት እንዲህ ነው!"

ታምሩ እጁን ከመሪው አነሳ። ለአፍታ በድሩን አየው፤ ከዚያ ፈገግ አለ። "ጥሩ ነው፣ ጋሼ። ጌታ ይባርክልህ። በደስታ ንዳበት።"

በድሩ ከአንድ ዓመት ወዲህ ቀምሶት የማያውቀው ጣፋጭ ነገር ከደረቱ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ወረደለት። ቆዳው አልነበረም፤ ጣሪያውም ፍሪጁም አልነበረም። የገዛው ያቺን የታምሩን አውራ ጣት ነው። ባንክ ቤት ሲፈርም፣ ውሉን ሲዋዋል፣ ሊብሬውን ሲቀበል ዓይኑ ላይ የነበረችው እሷው ነች። ሹክሪያ ደወለች፤ አላነሳም። ደግማ ደወለች፤ ስልኩን ገልብጦ ኪሱ ከተተው። ከአንድ ሱቅ በር ላይ ቆሞ የታሸገ ውሃ ገዛና ፍሪጁ ውስጥ ደረደረው።

በሚዛን መሃል ቀስ ብሎ ነዳ። መስታወቱን ዝቅ አደረገ። የሚያውቀውን ሁሉ በስሙ እየጠራ ሰላም አለ፤ የማያውቀውንም ጭምር። ለዝሁር ሶላት ከሚሰግድበት መስጊድ በር ላይ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡለት፤ አቁሞ ወርዶ ጉልበታቸውን ሊስም ቃጣው፤ ሲወርድ ወንበሩ በራሱ ወደ ኋላ ሸሸና ደነገጠ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ሽማግሌው "መሻአላህ፣ ቪኤይት ነው?" አሉ። "ቪኤክስአር ነው፣ አባ" አለ። "አዎ፣ ቪኤይት" አሉ ሽማግሌው እየመረቁት።

የሱ ግቢ መታጠፊያ ጋ ደረሰ። እግሩን ከነዳጁ አነሳ። ጉድጓዷ ጋ ፍሬን ነካ አደረገ። እንደ ታምሩ መንዳቱን አላስተዋለም፤ መንገዱ ነው እንዲህ የሚያስነዳው። ክላክስ ላለማድረግ ወሰነ። በድምፁ ይወቁት።

"አባ ቪኤይት መጣ!" ሲል ሰማ የባስልኤልን ድምፅ ከአጥሩ ውስጥ።

የበድሩ ልብ ዘለለች። ሳያዩት! ገና በሩን ሳይከፍቱ! አላህ ይስጠው ለዚህ ባስልኤል፤ ዛሬ ለጫኞቹ በግ ይታረድላቸዋል። መኪናውን በሩ ፊት አቁሞ እንዲከፍቱለት ጠበቀ።

በሩ አልተከፈተም።

"ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?" አለ የባስልኤል ድምፅ። "ቆመ እኮ።"

"ጋሼን ፈልጎ ይሆናል" አለ ሌላው።

"ሲላስን ፈልጎ ይሆናል በል እንጂ" አለ ሦስተኛው፤ ሳቅ ሆነ።

ከዚያ ባስልኤል ወደ በሩ ቀረብ ብሎ በቆርቆሮው ላይ ጮኸ፦ "ጋሼ በድሩ የለም! አማን ሄዷል!"

በድሩ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። የገዛ በሩ ላይ፣ በገዛ መኪናው፣ የለም ተባለ። መጨረሻ ላይ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"እኔ ነኝ!" አለ። "እኔ ነኝ፤ ክፈቱ!"

በሩ ወለል አለ። ጫኞቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ተመለከቱት፤ ቀጥሎ ግር ብለው ከበቡት።

"ውይ ጋሼ! ድምፁ ቁርጥ የሱ ሆኖብን እኮ ነው!" አለ ባስልኤል።

"የሱ አይደለም። የሱ ጂኤክስአር ነው። ይሄ ቪኤክስአር ነው፤ ከሱ በላይ ያለው።"

"በምን ይበልጣል?"

"በ..." በድሩ ዞር ብሎ መኪናውን አየ። "በወንበር። በጣሪያ። ፍሪጅ አለው።"

"ሞተሩስ?"

"ሞተሩ አንድ ነው።"

"እንግዲያማ ያው ቪኤይት ነው!" ባስልኤል እጁን አጨበጨበ። "ጎበዝ፣ ሁለት አባ ቪኤይት ሊኖረን ነው። ስንጣራ እንዳንሳሳት፤ ያኛው ትልቁ አባ ቪኤይት፣ ጋሼ ትንሹ አባ ቪኤይት!"

"እኔ በዕድሜ..."

"በዕድሜ አይደለም እኮ፣ ጋሼ! በአመጣጥ ነው። ቀድሞ የመጣ ነው ትልቁ።"

"ትንሹ አባ ቪኤይት!" አሉ ጫኞቹ እልል እያሉ። ፌዝ አልነበረበትም፤ ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነው። ፌዝ ቢሆን ይቆጣቸው ነበር።

አባፎጊ ከዘራቸውን ተደግፈው ወረዱ፤ መዳፋቸውን ከፍተው ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ ከጫኞቹ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ። ሲጨርሱ ወደ ልጃቸው ጆሮ ተጠጉ። "ትንሹ አሉህ?" አሉ፤ ትከሻቸው በሳቅ ተርገፈገፈ። "አይዞህ። እኔንም ከውሃ ውስጥ ነው የጠሩኝ።"

በድሩ ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባውም። ጠዋት ልብ ብሎ አልሰማቸውም ነበርና።

ሹክሪያ ደጃፉ ላይ ቆማለች። "ላይኛውን?" አለች።

"ላይኛውን።"

ሌላ አልጨመረችም። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ወደ ግንዱ አየች። ሲላስ ተነሥቶ ቆሟል። ጫኞቹ ሲጨፍሩ እሱ ከቦታው አልተነቃነቀም ነበር።

"ና፣ ሲላስ! ና ግባ፣ ተቀመጥበት!" አለ በድሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ከቤተሰብ ቀጥሎ አንተ ነህ።"

ሲላስ መጣ። ጫማውን ሳሩ ላይ አንዴ፣ ሁለቴ ጠረገና ከሾፌሩ ጎን ገብቶ ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ምንም አልነካም። በድሩ በሌላው በር ገባና ፍሪጁን ከፈተለት። የቀዘቀዘ ውሃ አውጥቶ ሰጠው። ሲላስ ተቀበለው። ላብ ያለው ፕላስቲክ በጣቶቹ መሃል ጠብ ጠብ ይል ጀመር።

"ሲላስ፣ እንግዲህ የሸኮው ነገር..." በድሩ ዳሽቦርዱን በእጅጌው ወለወለ። ንጹሕ ነበር። "ዘንድሮ ትንሽ ይቆይ። የዚህን አካባቢ ብቻ እንከፍታለን። ለከርሞ፣ ኢንሻአላህ፣ ሁለቱንም ነው። አንተ የኔ ሰው ነህ። የትም አትሄድም።"

ሲላስ በመስታወቱ ወደ ፊት ያያል።

"ቡናው ቀልቷል፣ ጋሼ" አለ።

"አውቃለሁ።"

በድሩ ስለ ጎማው፣ ስለ ካሜራው፣ ጣሪያው እንዴት እንደሚከፈት መናገር ጀመረ፤ ጣሪያውንም ከፈተው። የመስከረም ሰማይ ከላያቸው ታየ። ሲላስ ቀና ብሎም አላየውም። ውሃውን ሳይከፍት መልሶ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠ፤ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና ትንሽ ቆየ፤ በሩን ከፍቶ ወረደ። ወንበሩ አልሸሸለትም፤ እሱ የሚሸሸው ለሾፌሩ ብቻ ነው። በሩን ቀስ ብሎ፣ የሰው ዕቃ እንደሚዘጋ ሰው፣ ገፋ አድርጎ ዘጋው።

በድሩ ወደ ወንበሩ ዞረ። ቆዳው ላይ፣ ሲላስ ተቀምጦበት በነበረው ስርጉድ ውስጥ፣ ያቺ የመጋዘን ቁልፍ ከነክሯ ተጋድማለች። ክሩ በላብ ጠቁሯል።

ሲላስ ግቢውን አቋርጦ እየሄደ ነው። ሹክሪያ ደጃፉ ላይ "ሲላስ!" አለች። አልዞረም። በድሩ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ሊጠራው አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜ ከአማን በኩል፣ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ያ ድምፅ መጣ።

በድሩ አንገቱን እንዳወጣ ቀረ። አዳመጠ። መታጠፊያው ላይ ቀነሰ። ጉድጓዷ ጋ ነካ አደረገ። አሁን በሩ ጋ ይደርሳል፤ ይረግጣል ወይስ አይረግጥም? ጥቁሩን መኪና በተከፈተው በር አይቶ ይቆማል? ያቺ አውራ ጣት አሁን መሪው ላይ ምን እያደረገች ነው? ትንፋሹን ያዘ። ድምፁ ትንሽ ዘገየ፤ በጣም ትንሽ፣ ምናልባት ቆመም ሊባል ይችላል። ከዚያ ቀጠለ።

ዘግይቷል። ቆሟል ማለት ነው። አይቶታል።

በድሩ ፈገግ ብሎ ወደ በሩ ሲያይ፣ በሩ እንደተከፈተ ነበር፤ ሲላስ ግን ወጥቷል።